ድቡ እናቱን አገኛት?

አንድ እሑድ የአምስት ዓመቱ ልጄ ውሃ ጠማው። በግንቦት ወር አዳማ ላይ ውሃ መጠማት ወሬ አይደለም። እሱ ግን ከሶፋው ዘሎ ወረደ፤ ሁለት መዳፉን ጉንጮቹ ላይ ለጠፈና «ኦ ኖ! አይ አም ሶ ተርስቲ!» ብሎ ጮኸ። ከዴራ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ፣ ልጆቹ «አኮ» የሚሏቸው ሴት አያታቸው፣ የቡና ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። አኮ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ነገር ሲገርማቸው ግን ኦሮምኛው ይቀድማል።

«ማል ጄዼ?»

«ምንም አይደለም አኮ፣ ውሃ ጠማኝ ነው የሚለው።»

«ኦ ኖ ያለውስ?»

«እሱ እንኳ... ጭንቀቱ ነው።»

«ውሃ ለመጠጣት ነው የሚጨነቀው?» አሉ አኮ። በእሳቸው ልጅነት በውሃ የሚጨነቀው አህያ ጭኖ ግማሽ ቀን የሚጓዝ ሰው ነበር። የእኛ ጆግ ከሶፋው ሦስት እርምጃ ላይ ነው ያለው።

ልጁን እንግሊዝኛ ያስተማረው የለም። እኔ እንግሊዝኛ የማወራው ፎርም ስሞላ ብቻ ነው፤ ያውም በልቤ። ያስተማሩት ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ፣ ዓይናቸው የሾርባ ሳህን የሚያክል የካርቱን ልጆች ናቸው። እነሱ ቤት ኳስ ስትንከባለል ኦ ኖ ነው፤ ኮፍያ ሲወድቅ ኦ ኖ ነው። አባትየው ሥራ ያለው አይመስለኝም፤ በማንኛውም ሰዓት ቤት ነው። ልጁ ወተት ሲደፋ አይቆጣም፤ ወገቡን ይዞ ዘፈን ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት የእኔ ልጅ ወተት ደፋና ቀና ብሎ ፊት ፊቴን አየኝ። ዘፈኑን እየጠበቀ ነበር።

አልዘፈንኩም። ሊትሩ ስንት እንደገባ የሚያውቅ አባት አይዘፍንም።

እኔ ያደግሁት ወንጂ ነው፤ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረው የስኳር ፋብሪካ ሠፈር። ነፍስ ሳውቅ ሆላንዶቹ ሄደዋል፣ ፋብሪካው የመንግሥት ሆኗል፤ ለእኛ ለልጆች የቀረልን ሸንኮራውና አንድ የክበብ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ ቁልፉ ዘበኛው ወገብ ላይ ይኖራል። ሣጥኑ ሲከፈት መሬት ላይ ተደርድረን የምንጠብቀው አባባ ተስፋዬን ነው።

ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብረው ጀምረው እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ለልጆች ተረት ሲያወሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ሴት ሆነው ተጫውተዋል፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው የዘመተውን ወታደር አጫውተዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ሣጥኑ ውስጥ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዘበኛው ሲቆልፍባቸው እራታቸውን ማን እንደሚሰጣቸው እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ።

የዛሬ አበቦች የነገ ፍሬዎች ብለው ሲጠሩን እኛ የወንጂ አበቦች በአንድ ድምፅ ሰላምታቸውን እንመልሳለን። ማንም እንደማይሰማን የነገረን አልነበረም። እንዲያውም እናቴ በተቃራኒው ነበር የምትነግረኝ፤ «እሳቸው ያዩሃል» ትለኝ ነበር። ጥፍሬን ሳልቆረጥ ክበብ ከሄድኩ እጄን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ ነው የምቀመጠው። በዚያ በደርግ ዘመን «ማን ያየኛል» ብሎ መፍራት ለትልቁም ሰው የተለመደ ነበር። እኛ የምንፈራው ግን አባባ ተስፋዬን ብቻ ነበር፤ ያውም ስለ ጥፍር።

ደግሞም ፕሮግራሙ ያልቃል። ይህን ለዛሬ ልጅ ማስረዳት አልቻልኩም። ጅብ ይሞኛል፣ ጦጣ ታመልጣለች፣ «ታዲያ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ይባላል፣ ሣጥኑ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሳምንት ጅቡንም ጦጣዋንም የምንሆነው እኛው ነን። ልጄን «ያልቃል» ስለው «ቀጣዩን ለምን አትነካውም?» ይለኛል።

በኋላ አባቴ ወደ ናዝሬት ተዛውሮ (ያኔ ስሟ ናዝሬት ነበር) የራሳችንን ቴሌቪዥን ገዛን። የቤተሰብ ቴሌቪዥን ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በአንድ ሳሎን ውስጥ አባት፣ እናት፣ አክስት፣ ስድስት ልጅ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ቄስ ተቀምጠው አንድ ፊልም ያያሉ። በፊልሙ ውስጥ ወንዱና ሴቲቱ ቀስ እያሉ ይቀራረባሉ። በዚህ ጊዜ አባቴን ሳል ይጀምረዋል። የሳምባ ሳል አይደለም፤ ወንዱ በተጠጋ ቁጥር የሚብስ ሳል ነው። እናቴ «ቡናው ገነፈለ መሰለኝ» ብላ ቡና ወዳልተጣደበት ምድጃ ትሮጣለች፤ አክስቴ ጣሪያውን ታያለች፤ እኛ ምንጣፉን እናጠናለን። ሳሉ ሲያቆም ወይ ተጋብተዋል ወይ አንዱ ሞቷል። ስንት የፍቅር ታሪክ መሐሉ እንደጎደለ አለ።

ሳሉን ወረስኩት። ቃና በ2008 ዓ.ም. መጥቶ የቱርክን ድራማ አማርኛ ሲያናግረው፣ እኔም ባለቤቴ አጠገብ፣ ልጄ አጠገብ ተቀምጬ ማሳል ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ትንሹ ጉዳዩን ደርሶበታል። ተዋናዮቹ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲጀምሩ ተነሥቶ ይሄድና ውሃ በብርጭቆ ይዞልኝ ይመጣል። ሳሌ ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው።

የትልቋ ልጄ ነገር ሌላ ነበር። እሷ ዛሬ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ በሕፃንነቷ ግን ዓረብ ነበረች። በዚያ ዘመን የከተማው ዲሽ ሁሉ ወደ ናይልሳት ያይ ነበር፤ ናይልሳት ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ካርቱን የሚያሳየው ኤምቢሲ 3 ነበር፤ በዓረብኛ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በዚያ ጣቢያ ያደጉ ልጆች ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ሥራ እንዳይረፍድብኝ ጫማዬን ሳስር፣ «ያላ ባባ፣ ያላ!» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ የተናገረችው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ለማስተርጎም ጎረቤታችን ጋ ወሰድኳት። ሴትየዋ ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ልጅቷን አስቀምጣ አነጋገረቻት፤ ልጅቷ መለሰች፤ ጎረቤታችን ሳቀች፣ እንደገና ጠየቀቻት። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ወንድሜ፣ ይህች ልጅ እኔ የማላውቀውን ዓረብኛ ነው የምትናገረው» አለችኝ። «እንዴት?» አልኳት። «የእሷ ዓረብኛ "ጓደኛዬ፣ ጫካው ውስጥ ሀብቱን አብረን እንፈልግ" የሚል ነው። የእኔው "ተነሺ፣ አጽጂ፣ ነይ፣ ፍጠኚ" ብቻ ነው። ጓደኛዬ ያለኝ አልነበረም።» ይህን ብላ ለልጅቷ ብስኩት ሰጠቻት። እኔ የምመልሰው አጣሁ።

ዓረብነቷ የቀረው በነፋስና በፖሊሲ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ስለ ነፋሱ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ይይ። የመጀመሪያዎቹ 34 ናቸው፤ 51 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ በሁለተኛው ዙር 102 ተጨምረው ሌላ 153 ሜጋ ዋት። ባጠቃላይ 136 ተርባይን። ትንሹ ልጄ ግዙፍ ቬንትሌተሮች ናቸው ብሎ ያምናል። «ታዲያ ይህን ያህል ተከፍተው ለምን ይሞቀናል?» ይለኛል። እንግዲህ 136 ተርባይን የሚያዞር ነፋስ በአራት ብሎን የታሰረችውን የእኔን ዲሽ ምን እንደሚያደርጋት አስቡት። በነፋስ ወራት ዲሽ ሠሪው ቤታችን ከዘመድ በላይ ይመላለሳል። እሱ ጣሪያ ላይ፣ እኔ መስኮት ላይ፣ ልጅቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ሆነን እንጮሃለን። «መጣ?» «መጣ!» «አሁንስ?» «ሄደ!» የኔ አባት አንቴና ላይ ወጥቶ የጮኸውም ይህንኑ ነበር። ሰማይ ላይ ሳተላይት ቢሰቀልም ጩኸታችን አልተቀየረም።

ከዚያ ፖሊሲው መጣ፤ በ2012 ዓ.ም. ገደማ የአገራችን ጣቢያዎች ናይልሳትን ትተው ወደ ኢትዮሳት ሲሄዱ፣ ዲሽ ሠሪው ለመጨረሻ ጊዜ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሳህኗን ወደ ሌላው ሰማይ አዞራት። ኤምቢሲ 3 በዚያው ሌሊት ቤታችንን ለቆ ሄደ። ልጅቷ ሁለት ቀን አለቀሰች፤ ምናልባት በዓረብኛ። በስድስት ወሩ «ያላ» ብቻ ነው የቀረላት፤ እሱንም ዛሬ የምትጠቀምበት ታናሽ ወንድሟን ለማጣደፍ ነው። አንድ ቋንቋ እንደዚህ በቀላሉ በብሎን መፍቻ ሲነቀል አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ምክር አንብባልኛለች። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት አይቀመጥ፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። አምኜበታለሁ። የእኛ ልጅ አምስት ስለሞላው ከምክሩ በአንድ ዓመት አመለጥን እንጂ ሳንጥሰው ቀርተን አይደለም። ሐቁን ልናገርና፣ ምክሩን የጻፉት ሰዎች እንጀራ አይጋግሩም። ምጣዱ ከሞቀ ሃያ አምስት እንጀራ ሳይወጣ አይጠፋም፤ ለዚያ አንድ ሰዓት አይበቃም፤ ልጅን ከምጣድ የሚያርቀው ደግሞ ቴሌቪዥን ነው። የቤታችን ሞግዚት እሱ ነው። ደመወዝ ጨምሩልኝ አይልም፤ ለፋሲካ አገሬ ልግባ አይልም፤ ልጁን አይመታም። ጠባዩ ግን አይታወቅም፤ ምን እንደሚነግረው ጆሮ ጠብቶ የሚሰማ የለም።

ያልሰማነው ነገር ዝዋይ ላይ ታየ። ባቱ ልበለው መሰለኝ፤ ለአኮ ባቱ ነው። በጥምቀት ማግሥት ሐይቁ ዳር ዓሣ ለብለብ ልንበላ ሄድን። አባ ኮዳ፣ ያ መላጣውና ከረጢት አንገቱ ወፍ፣ ቁመቱ ልጄን የሚበልጥ፣ ከጠረጴዛችን አምስት ሜትር ላይ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሟል። ልጄ አፉን ከፍቶ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አየር ላይ ፈልቀቅ አደረጋቸው፤ ወፉን ሊያቀርበው ነው። አልቀረበም። «ለምንድን ነው የማያወራው?» አለኝ። «ወፍ ነዋ!» «የስልኩ ወፍ ያወራል።» ትንሽ አሰበና ፍርዱን ሰጠ፤ «ይሄ ተበላሽቷል።» አባ ኮዳው በበኩሉ ልጄን ሳይሆን ለብለቡን ነበር የሚያየው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል ነው አኮ እና ካልሲው የተገናኙት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ፕሮግራም የማያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ብሩክታዊት ጥጋቡ፣ የቀድሞ አስተማሪ፣ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የጀመሩት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ ትንሽ ቀጭኔ ናት፤ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት። ለዚህ ሥራ ብሩክታዊት በ2010 እ.ኤ.አ. ከሮሌክስ ሽልማት አግኝተዋል። በሰዓት ጉዳይ ስማችን በማይነሣበት ዓለም ከሰዓት ፋብሪካ የተሸለመ ሰው መገኘቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ፕሮግራሙ በኋላ በአፋን ኦሮሞም ተዘጋጅቷል፤ ትልቋ ልጄ ያንን ፈልጋ አግኝታ ለአያቷ ከፈተችላቸው።

አኮ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀጭኔዋን ትኩር ብለው አዩ። «ካልሲ አይደለም እንዴ?»

«ካልሲ ነው አኮ።»

«ሌላው እግርስ የት ሄደ?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። አኮ ግን አልተነሡም። ቀጭኔዋ ስትጠይቅ መለሱላት፤ ስትሳሳት ተቆጧት፤ እጃቸውን ለምን መታጠብ እንዳለባቸው ልጆቹ ሲጨቃጨቁ «ታጠቡ እንጂ!» ብለው ገሰጿቸው። ትንሹም አያቱን አየ፣ ካልሲዋን አየ፣ የአያቱ ጭን ላይ ወጣ። አሜሪካኖቹ በ1969 እ.ኤ.አ. «ሰሳሚ ስትሪት»ን ሲጀምሩ አሻንጉሊቶቹ መሐል ለትልልቆቹ የሚሆን ቀልድና ታዋቂ እንግዳ ሆን ብለው ይጨምሩ ነበር፤ ወላጅ ከልጁ ጋር እንዲቀመጥ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጆችን ፕሮግራም የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው። ትልቅ ሰው ካስነሣ ለልጅም አይሆንም። የካርቱኖቹ ዘፋኝ አባት ከሦስት ደቂቃ በላይ አስቀምጦኝ አያውቅም። ካልሲዋ አኮን ሃያ ደቂቃ አስቀመጠቻቸው፤ ቡናው ቀዝቅዞ።

ኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ፣ ኦቢኤን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዳማ መሆኑን ስነግራቸው አኮ ተደነቁ። እሳቸው ዴራ ሆነው በየምሽቱ ዜናውን የሚያዩት ሩቅ አገር ያለ መስሏቸው ነበር። «ታዲያ ባጃጅ ይዘህ አትሄድም? ልጆቹን አብዝታችሁ አናግሩልኝ ብላለች በላቸው።» አድራሻው በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። እስካሁን አልሄድኩም፤ ምን ብዬ በር ላይ እንደምገባ እያሰብኩ ነው።

በማግሥቱ ትንሹ ልጄ እንደገና ውሃ ጠማው። መዳፎቹ ጉንጮቹ ላይ ወጡ። «ኦ ኖ! ቢሻን!» አለ። አኮ ሳቁ፤ ግማሹ የእሳቸው ነበርና ራሳቸው ተነሥተው ቀዱለት።

አኮ ሊመለሱ በዋዜማው ማታ ግን አንድ ነገር ደረሰብን። ትልቋ አንድ የካርቱን ፊልም ከፈተች። በረዶ አገር ነው፤ ነጭ ድብ ከነግልገሏ ትኖራለች። ሰው የለበትም፣ ንግግር የለበትም፣ ስለዚህ የማንም ቋንቋ አይደለም። መሳሳምም የለበትም፤ ጉሮሮዬ አርፏል። እንደ ልማዴ ስልኬን እየነካካሁ በአንድ ዓይኔ ጀመርኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ተቀመጠ። ባለቤቴ ሊጥ የነካ እጇን ወደ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በረዶው ተሰነጠቀ፤ ግልገሉ በአንዱ ስባሪ ላይ ሆኖ ከእናቱ ተለይቶ ወደ ባሕሩ መሐል መንሳፈፍ ጀመረ። እናትየው ዳር ዳሩን ትሮጣለች። ሳሎኑ ጸጥ አለ።

«ኦ ኖ!» አሉ አኮ፣ ሁለት መዳፋቸው ጉንጫቸው ላይ ወጥቶ።

ግልገሉ ዘለለ። እጁ፣ ይቅርታ የፊት እግሩ፣ የበረዶውን ጠርዝ ነካ፤ እናትየው አንገቷን ዘረጋች፤ በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ።

የመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ጠዋት ትልቋ ከየት እንዳገኘችው ረሳችው፤ ትንሹ ስለ ድብ ሳይሆን ስለ ዳይኖሰር ነው የሚያወራው። ሦስት ሳምንት ሞላን። ከጎረቤት ጠየቅሁ፣ መሥሪያ ቤት ጠየቅሁ፤ አንዱ ባልደረባዬ «ለአንተ ነው ወይስ ለልጅህ?» አለኝ፣ ለልጄ ነው አልኩት። አንባቢ ሆይ፣ የፊልሙን ስም አላውቀውም። ድቡ ነጭ ነው፤ የግልገሉ የግራ ጆሮ ጫፉ ትንሽ ጎደል ያለ ነው። ያየ ሰው ካለ፣ እባካችሁ መጨረሻውን ንገሩኝ። አኮ ከዴራ በየማታው እየደወሉ ነው።